አንጎልም ቆሻሻውን ያጸዳል

የሚሠራ ነገር ሁሉ ቆሻሻ አለው። ምድጃ ሲነድ አመድ ይተዋል። ሰውነታችንም ሲሠራ ቆሻሻ ያወጣል። በደም ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ኩላሊት ያጣራል። አንጎልም ቀንና ሌሊት ይሠራል። የአንጎል ቆሻሻ ግን በየት በኩል ይወጣል?

አንጎላችን ውኃ በሚመስል ንጹሕ ፈሳሽ የተከበበ ነው። ሰውነታችን ይህን ፈሳሽ በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ያመነጫል። በ2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ አንድ ጥናት አደረጉ። ፈሳሹ የደም ሥሮችን ተከትሎ ወደ አንጎል ውስጥ እንደሚገባና ቆሻሻ ይዞ እንደሚወጣ አሳዩ። ነገሩ የመስኖ ቦይን ይመስላል። ቦዩ ክፍት ሲሆን ውኃው ይወርዳል። ደለል ሲሞላው ግን ውኃው ይተኛል።

ይህ በሰው ላይ እንዴት ይታያል? በኖርዌይ አገር በኦስሎ ከተማ ያሉ ሐኪሞች ዘዴ አገኙ። ጋዶሊኒየም ያለበትን መድኃኒት በወገብ በኩል በመርፌ ወደ ፈሳሹ ይጨምራሉ። ከዚያ ኤም አር አይ በሚባል መሣሪያ ጭንቅላቱን ደጋግመው ፎቶግራፍ ያነሣሉ። መድኃኒቱ የደረሰበት ቦታ በፎቶግራፉ ላይ ነጥቶ ይታያል። በዚህም መቼ እንደገባና መቼ እንደወጣ ይታወቃል።

በእርጅና ጊዜ የሚመጣ አንድ በሽታ አለ። በጭንቅላት ውስጥ ፈሳሽ ይበዛል፤ እግር ይከብዳል፤ ሰውየውም ይረሳል። ሐኪሞቹ በ2018 እ.ኤ.አ. እንዳሳወቁት፣ በእነዚህ በሽተኞች አንጎል ውስጥ መድኃኒቱ ቶሎ አልወጣም። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኙ ባደሩ ሰዎች ላይም መድኃኒቱ እንደዘገየ አሳወቁ። እንቅልፍ ሥራ መፍታት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታም አለ። በዚህ በሽታ በተያዘ ሰው አንጎል ውስጥ ቆሻሻ ይከማቻል። የጽዳቱ መዘግየት በሽታውን ያመጣል? ወይስ በሽታው ጽዳቱን ያዘገያል? ይህ ገና በመጠናት ላይ ነው።

እንግዲህ አንድ አዛውንት የልጃቸው ስም ቢጠፋቸው፣ «ጃጁ» ብለን አንሣቅባቸው። «እርግማን ነው» ብለንም አንተዋቸው። ሕመም ሊሆን ይችላልና ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰዳቸው። መርሳት ሁሉ መድኃኒት የለሽ አይደለም። ከላይ ያየነው ፈሳሽ የሚበዛበት በሽታ እንኳ ሕክምና አለው። ሐኪም የበዛውን ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ ያወርደዋል። በዚህም ብዙዎች ተሽሏቸው ደህና መራመድ ጀምረዋል።