መብራት ሲቋረጥ የተጎዳ ፋይል፡ ከመጠገን በፊት መገልበጥ

መብራት በድንገት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ አልነሳ ይላል፤ ወይም ትናንት የተከፈተው ፋይል ዛሬ አልከፈት ይላል። የኅብረት ሥራ ማኅበር የማዳበሪያ ሒሳብ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ወይም የቤተሰብ ፎቶግራፍ ያስቀመጠ ሰው በዚህ ጊዜ መደንገጡ አይቀርም። ይኹን እንጂ ከብልሽቱ ይልቅ በጥድፊያ የሚወሰድ ርምጃ መረጃውን ፈጽሞ ሊያጠፋው ይችላል።

የፋይል ሥርዓት የሚባለው የትኛው ፋይል በዲስኩ ላይ የት እንደተቀመጠ የሚመዘግብ አሠራር ነው። በእህል መጋዘን ብንመስለው ጆንያዎቹ መረጃው፣ የመጋዘን ያዡ መዝገብ ደግሞ የፋይል ሥርዓቱ ነው። ሰውየው እየጻፈ ሳለ ብዕሩ ከእጁ ቢነጠቅ መዝገቡና ክምችቱ አይጣጣሙም። መብራት ሲቋረጥ ወይም ፍላሽ እየተገለበጠበት ሳለ ሲነቀል የሚኾነውም ይኸው ነው።

ኤንቲኤፍኤስ የተባለው የዊንዶውስ የፋይል ሥርዓት በመዝገቡ ላይ የሚያደርገውን ለውጥ አስቀድሞ በማስታወሻ ስለሚይዝ ከመቋረጥ በኋላ ራሱን ማስተካከል ይችላል። በፍላሽ ላይ የተለመዱት ፋት32 እና ኤክስፋት ግን ይህ ማስታወሻ ስለሌላቸው በቀላሉ ይጎዳሉ።

ብልሽቱን እንዴት እንለይ?

ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ወይም እየታየ ከጠፋ ጉዳቱ የአካሉ ሊኾን ይችላል። ወዲያውኑ አጥፍቶ ለባለሙያ ማሳየት ይገባል፤ የጥገና ሙከራ ያባብሰዋል። በፍላሽ ውስጥ ያሉ ፎልደሮች ወደ ሾርትከት ከተለወጡ ደግሞ ቫይረስን መጠርጠር ይገባል፤ መፍትሔው አንቲቫይረስ ነው።

ዲስኩ ድምፅ ሳያሰማ “ፎርማት ይደረግ” የሚል ጥያቄ ካቀረበ ወይም ፎልደሩ መበላሸቱን ከገለጸ ግን የፋይል ሥርዓቱ ሳይጎዳ አልቀረም። ፎርማት ለማድረግ መስማማት አይገባም፤ አዲስ ፋይልም አይጫንበት። ፎርማት ካልተደረገ አልከፈትም የሚል ዲስክን የዊንዶውስ መጠገኛ ላይቀበለው ስለሚችል ፋይሎቹን በመረጃ ማውጫ ፕሮግራም ወደ ሌላ ዲስክ ማውጣት ይቀድማል።

ጥገናው

የመጀመሪያው ሥራ የሚነበበውን ፋይል ኹሉ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነው። ምክንያቱም መጠገኛው ፕሮግራም የሚተጋው መዝገቡ እንዲጣጣም እንጂ እያንዳንዱ ጆንያ እንዲተርፍ አይደለም። ኮምፒውተሩ ካልተነሳ ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ላይ በመሰካት መገልበጥ ይቻላል።

ከዚያ በኋላ የዲስኩን ምልክት በቀኝ ጠቅ አድርጎ ፕሮፐርቲስ፣ ቱልስ፣ ቀጥሎም ቼክ የሚለውን መምረጥ ነው። ዊንዶውስ ያለበት ዲስክ ከኾነ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እንዲነሳ ሊጠይቅ ይችላል። ሥራው ረዥም ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል ላፕቶፑ ባትሪው ሞልቶ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ ይኹን፤ በመካከል ማቋረጥ ሌላ ጉዳት ያስከትላል። ሲጠናቀቅ ባለቤታቸው ያልታወቀ ቁርጥራጮች ፋውንድ በሚል ስውር ፎልደር ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ።

ጥንቃቄ

ባትሪ የሌለውን ኮምፒውተር በዩፒኤስ መጠቀም፣ ፍላሽን ኢጀክት ሳያደርጉ አለመንቀል፣ ከኹሉም በላይ አስፈላጊ ፋይልን በኹለት ቦታ ማስቀመጥ ይገባል። ቅጂውን ከኮምፒውተሩ ጋር በአንድ ክፍል ማኖር ከሌባም ከእሳትም አያድነውምና ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ያለ ቅጂ ቆይቶ ከጥፋት በኋላ መሯሯጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።