ከጓደኛ ጋር መሮጥ ምን ይጠቅማል?

ኤሊዩድ ኪፕቾጌ እ.ኤ.አ. በ2019 በቪየና 42.195 ኪሎ ሜትር በ1 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ሲሮጥ፣ ከፊቱ የተሰለፉ ሯጮች አየሩን ይከልሉለት ነበር። የአየር ተቃውሞ ከፍጥነት ካሬ ጋር ተመጣጣኝ ነው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ማለዳ ጃን ሜዳ ላይ በእርሱ ፍጥነት ግማሽ የምንሮጥ አማተሮች የሚገጥመን ተቃውሞ ሩብ ያህል ብቻ ነው።

ታዲያ ጓደኛ ለምን ያስፈልጋል? መለኪያ ስለሚሆነን ነው። እየሮጥን ያለ ችግር መነጋገር ከቻልን ለጡንቻዎቻችን የሚበቃ ኦክስጅን እየደረሰ ነው፤ ንግግራችን ከተቆራረጠ ግን ፍጥነታችን በዝቷል ማለት ነው። ብቻዬን ስሮጥ ይህን ባለማስተዋሌ ብዙ ጊዜ መንገዱን ሳልጨርስ አቋርጥ ነበር። ዛሬ ባልደረባዬ በየመሐሉ ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ መመለስ ካቃተኝ ሁለታችንም ፍጥነታችንን እንቀንሳለን።