አሮጌውን ሞተር የመግደል ዋጋ

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው የኢነርጂ ፖሊሲ ሕግ ውስጥ የናፍጣ ጭስን ለመቀነስ የሚውል የገንዘብ ድጋፍ ተካቷል። ገንዘቡ ከ2008 ጀምሮ በፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በኩል ሲከፈል ቆይቷል። ከተሞች፣ ወደቦች፣ የትምህርት ቤት አስተዳደሮች፣ በእነሱ በኩልም የግል ባለንብረቶች አሮጌ አውቶቡስና ከባድ መኪና ሲቀይሩ የወጪው ከፊል ይሸፈንላቸዋል። ላይ ላዩን ሲታይ የአዲስ መኪና መግዣ ድጎማ ነው። እኔ ግን ቁም ነገሩ ያለው በአሮጌው መኪና ላይ በሚፈጸመው ነገር ነው ባይ ነኝ፤ ድጋፉን የወሰደ ሰው የተተካው መኪና ሞተር ብሎክ 3 ኢንች በ3 ኢንች ስፋት ባለው ቀዳዳ እንዲበሳ፣ ሻሲውም እንዲቆረጥ ማድረግ ግዴታው ነው።

ይህ ጭካኔ የሚመስል ቅድመ ሁኔታ ምክንያት አለው። የጭስ ደንብ የሚያስገድደው አዲስ የሚመረተውን ሞተር ነው። ከ2007 ሞዴል ጀምሮ ለከባድ መኪና ሞተሮች የተፈቀደው የጥቀርሻ መጠን ከቀድሞው ወደ አንድ አሥረኛ ወርዷል፤ የጭስ ማጣሪያው እንዳይበላሽም በናፍጣው ውስጥ ያለው ድኝ ቀደም ብሎ ከሚሊዮን 15 እጅ እንዳይበልጥ ተደርጓል። የናፍጣ ሞተር ግን በቀላሉ አይሞትም። ከደንቡ በፊት የተሠራው ዛሬም በየሰፈሩ ይዞራል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 የናፍጣ ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ አረጋግጦ የመደበውም ይህን ጭስ ነው።

የሚሠራ ሞተር ማውደም ብክነት ነው፣ ለድሃ አገር ቢሸጥ ይሻላል የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ለእኛ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2020 ባወጣው ጥናት ከ2015 እስከ 2018 ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከጃፓን ወደ ውጭ ከተሸጡት 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል መኪኖች 40 በመቶ ገደማ ያረፉት አፍሪካ ነው። ጥናቱ ከባድ መኪኖችን ባይቆጥርም መንገዱን ያሳያል፤ ያልተበሳ ሞተር ጥቀርሻውን ይዞ ወደ ሌላ ሰው ሳንባ ይሻገራል። ያኔ የአሜሪካ ግብር ከፋይ ያዋጣው ጭሱን ለማጥፋት ሳይሆን አድራሻውን ለመቀየር ይሆናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ለምን በካይ ይሸለማል፣ ለምን በሕግ አይገደድም? ካሊፎርኒያ ሁለቱንም አድርጋለች። በ1998 የጀመረችው የካርል ሞየር ፕሮግራም የሚከፍለው ሕጉ ከሚጠይቀው በላይ ወይም ቀድሞ ለሚቀንስ ነው፤ በ2023 መጀመሪያ ደግሞ አብዛኞቹ ከባድ መኪኖች የ2010 ወይም ከዚያ ወዲህ የተሠራ ሞተር እንዲኖራቸው አስገድዳለች። ገንዘቡ ለቀደመው ማበረታቻ፣ ሕጉ ለዘገየው ዱላ ነው። ባለቤቱ ያለ ድጎማውም መግዛቱ አይቀርም ነበር ለሚለው ደግሞ የፌዴራሉ ደንብ አሮጌው መኪና ቢያንስ የ3 ዓመት ዕድሜ እንዲቀረው ይጠይቃል፤ ሊጣል የደረሰ ቆርቆሮ አይከፈልበትም።

እኔን የሚያሳስበኝ ድርሻው ነው። ፌዴራሉ በአዲስ ናፍጣ መኪና ለሚተካ በአብዛኛው 25 በመቶ፣ በኤሌክትሪክ ለሚተካ 45 በመቶ ብቻ ይሸፍናል። ብዙ መኪና ያለው ድርጅት ቀሪውን ከባንክ ያገኛል። አንድ መኪና ይዞ የሚሠራው ሾፌር ግን፣ በአሜሪካ በዚህ ሥራ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ፣ ሦስት አራተኛውን ከየት ያመጣል? አሮጌው ሞተር የሚገኘው ብዙ ጊዜ በእንዲህ ዓይነቱ ሰው እጅ ነው። የሚቀየሩት መኪኖች ቁጥር ቢያንስም እንኳ ለባለ አንድ መኪናው ድርሻው ከፍ ሊል ይገባል።