የዲፕሎማሲው ጓዳ፦ ቤቱ የማን ነው? ሠራተኛውስ?

ስለ አገሮች የውጭ ግንኙነት ሲነሣ በብዙ ሰው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው የተነጠፈ ቀይ ምንጣፍ፣ የሚውለበለብ ሰንደቅ ዓላማና ሲፈረም ፎቶግራፍ የሚነሣ ውል ነው። ይህ ግን የዲፕሎማሲው ሳሎን እንጂ ጓዳው አይደለም። ሳሎኑ ይሞቅ ዘንድ ማሞቂያውን የሚያነድ፣ ምንጣፉ ይነጠፍ ዘንድ ወለሉን የሚወለውል፣ አምባሳደሩ በሰዓቱ ይደርስ ዘንድ መኪናውን የሚነዳ ወዝአደር አለ። ከዚህም ሁሉ በፊት ቤቱ ራሱ አለ፤ ቤት ካለ ባለቤት አለ፤ ባለቤት ካለም ኪራይ አለ። በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው ይህንኑ ጓዳ ነው። ይኸውም ለውጭ ሚሲዮኖች ቤት የሚያከራይ፣ ሠራተኛ የሚመድብና ጥገና የሚያካሂድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በእጁ የያዘው ቁልፍ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የአገራችን ናቸው ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው አገሮች እርስ በርስ ሚሲዮን የሚከፍቱበትን ሥርዓት የሚወስነው በ1961 የተፈረመው የቪየና የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ስምምነት ነው። አንቀጽ 21 ተቀባዩ መንግሥት ላኪው መንግሥት ለሚሲዮኑ የሚሆን ቦታ እንዲያገኝ ማመቻቸት ወይም በሌላ መንገድ መርዳት እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 22 ደግሞ የሚሲዮኑ ግቢ የማይደፈር መሆኑን ያረጋግጣል። ስምምነቱ ይህን ያህል ይላል፤ ቧንቧው ሲፈነዳ ማን እንደሚጠራ ግን አይናገርም። ስለሆነም እያንዳንዱ አገር የራሱን መንገድ ተከትሏል። በብዙ የምዕራብ ከተሞች ኤምባሲ ቤቱን የሚገዛው ወይም የሚከራየው እንደማንኛውም ሰው ከገበያ ነው። በሞስኮ ግን አከራዩም፣ ጠጋኙም፣ ሠራተኛ መዳቢውም መንግሥት ሆነ። ጓዳውን ጠንቅቆ ለማወቅ ከሞስኮ የተሻለ ምሳሌ የለም ብለን እናምናለን።

የሶቪየት መንግሥት በማርች 1918 ዋና ከተማውን ከፔትሮግራድ ወደ ሞስኮ ሲያዛውር፣ በአዲሱ ዋና ከተማ ለኤምባሲ የተሠራ ሕንፃ አልነበረም ማለት ይቻላል። የነበሩት ነጋዴዎችና የፋብሪካ ባለቤቶች ያሠሯቸው ቤተ መንግሥት መሰል ቪላዎች ነበሩ፤ እነዚህም የሕዝብ ሀብት ሆነው ተወርሰዋል። በ1921 በውጭ ጉዳይ ኮሚሳሪያቱ ሥር የውጭ ሰዎችን የሚያስተናግድ ቢሮ ተቋቋመ፤ በሩሲያውያን አጠራር «ቢዩሮቢን» ይባል ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስሙ ተለውጦ «ኡፔዴካ»፣ ማለትም የዲፕሎማቲክ ማኅበረሰብ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ሆነ። ዛሬም «ግላቭኡፔዴካ» ተብሎ በሩሲያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ይሠራል።

እነዚህን ቪላዎች አንድ በአንድ ብናይ የታሪኩን አቅጣጫ እንረዳለን። በዴኔዥኒ ጎዳና የሚገኘው የነጋዴው የበርግ ቤት በመጀመሪያ የጀርመን ኤምባሲ ነበር፤ አምባሳደሩ ሚርባኽ ጁላይ 6 ቀን 1918 የተገደለው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ከ1924 ጀምሮ ጣሊያኖች ገብተውበታል። በሞስኮ ወንዝ ዳር፣ ከክሬምሊን ትይዩ፣ የስኳር ከበርቴው የኻሪቶኔንኮ መኖሪያ በ1931 ለእንግሊዞች ተከራየ። የነጋዴው የኢጉምኖቭ ቤት በ1938 ለፈረንሳዮች ከመሰጠቱ በፊት የሌኒን አእምሮ ይመረመርበት የነበረው የአንጎል ጥናት ተቋም መቀመጫ ነበር። የኢንዱስትሪው ባለጸጋ ቭቶሮቭ ያሠራው ቤት ደግሞ፣ አሜሪካ ለሶቪየት ኅብረት እውቅና ከሰጠችበት ከ1933 ወዲህ የአሜሪካ አምባሳደር መኖሪያ ሆነ፤ ስፓሶ ቤት ይባላል።

በዚሁ በስፓሶ ቤት በኤፕሪል 1935 የተደረገው ግብዣ እስከ ዛሬ ይወራለታል። ከሞስኮ የእንስሳት ማቆያ ፍየሎችና የድብ ግልገል ተውሰው መጥተው ነበር፤ ደራሲው ሚኻይል ቡልጋኮቭም ከተጋባዦቹ አንዱ ነበር። መጻሕፍቱ ስለ ድቡ ብዙ ጽፈዋል። በማግሥቱ አዳራሹን ስለጠረጉት ሰዎች የተጻፈ አላየንም።

ባለቤቱ መንግሥት መሆኑ በራሱ ስሕተት አይደለም፤ እንዲያውም ጥቂት ነጋዴዎች ለዋንጫና ለጭፈራ ያሠሩት ቤት ለአገር ገቢ ማስገኘቱ የሚደገፍ ነው። ጥያቄው የሚነሣው አከራዩና ሠራተኛ መዳቢው አንድ ሲሆን ነው። በሶቪየት ዘመን አንድ ኤምባሲ ሾፌር፣ አስተርጓሚ፣ ወጥ ቤት ወይም የጽዳት ሠራተኛ ሲፈልግ በራሱ ማስታወቂያ አያወጣም፤ ለኡፔዴካ ይጠይቃል፤ ኡፔዴካ ይመድብለታል። ዲፕሎማቶቹና የውጭ ጋዜጠኞች የሚኖሩባቸው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችም በበራቸው የፖሊስ ጥበቃ ይቆምባቸው ነበር። ጥበቃው ሌባን ለመከላከል ብቻ እንዳልነበረ ሁሉም ያውቅ ነበር። የተመደበው ሠራተኛም ከመጥረጊያው ጋር ጆሮ ይዞ እንዲገባ ይጠበቅበት ነበር።

ጆሮው አንዳንድ ጊዜ ከግድግዳው ውስጥ ነበር። በ1945 የሶቪየት ሕፃናት ለአሜሪካው አምባሳደር ለሃሪማን ከእንጨት የተቀረጸ የአሜሪካ መንግሥት ማኅተም በስጦታ አበረከቱ። ስጦታው በስፓሶ ቤት ተሰቅሎ እስከ 1952 ቆየ፤ በዚያ ዓመት ሲፈተሽ በውስጡ የማዳመጫ መሣሪያ ተገኘ። በ1979 የተጀመረው አዲሱ የአሜሪካ ኤምባሲ ሕንፃም ከቦታው ውጭ በተሠሩ የኮንክሪት ክፍሎች የተገጣጠመ ስለነበር፣ በ1985 በአምዶቹ ውስጥ የማዳመጫ መሣሪያዎች መቀበራቸው ተደርሶበት ሥራው ቆመ። የላይኞቹ ፎቆች ፈርሰው በአሜሪካውያን ሠራተኞች እንደገና ከተሠሩ በኋላ ሕንፃው አገልግሎት የጀመረው በ2000 ነው። ኮንክሪቱን ያቦኩት የግንባታ ሠራተኞች ሥራቸው ምን ላይ እንደዋለ መቼ እንዳወቁት መገመት ያዳግታል።

የጓዳው ኃይል በግልጽ የታየው ግን በኦክቶበር 1986 ነው። ዋሽንግተን 55 የሶቪየት ዲፕሎማቶችን ከአገር ስታስወጣ፣ ሞስኮ ተጨማሪ አሜሪካውያን ዲፕሎማቶችን በማባረር ብቻ አላበቃችም፤ በአሜሪካ ሚሲዮኖች ይሠሩ የነበሩ 260 የሶቪየት ዜጎችን በሙሉ አስወጣች። በአንድ ጊዜ ሾፌር የለም፤ ወጥ ቤት የለም፤ በረዶ የሚጠርግ የለም። የፖለቲካ ሪፖርት ይጽፉ የነበሩ ዲፕሎማቶች ተራ እየገቡ ሽንት ቤት ያጥቡና የጭነት መኪና ይነዱ ጀመር። ብዙዎች ይህን እንደ ቀልድ ያወሩታል። እኛ ግን ሌላውን ገጽታ እንጠይቃለን፤ እነዚያ 260 ሰዎች በዚያ ሳምንት ምን ሆኑ? የሁለቱ መንግሥታት መግለጫዎች የሚቆጥሩት ቁጥራቸውን ብቻ ነው። ወዝአደሩ በሁለት ኃያላን መካከል የሚንቀሳቀስ ጠጠር ሆኖ ተቆጠረ።

በ1991 ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ መሥሪያ ቤቱ አልፈረሰም። ይልቁንም የንግድ ጠባይ ያዘ። ክሊኒኩ ሜዲንሴንተር፣ ሠራተኛ አቅራቢው ክፍል ኢንፕሬድካድሪ ቀጠሉ። በሞስኮ አቅራቢያ በናኻቢኖ የጎልፍ ሜዳና የመዝናኛ ክበብ ተከፈተ፤ የቧንቧ ጠጋኙ ቢሮ የጎልፍ ሜዳ ባለቤት ሆነ ማለት ነው! ምንዛሪ በገፍ ከሚገኝበት ዘርፍ ትርፍ መፈለጉ አያስገርምም።

ትርፉ ግን ሁልጊዜ የሚታሰበውን ያህል አልነበረም። በ1985 በተፈረመው ውል የስፓሶ ቤት የዓመት ኪራይ በሩብል ተቆርጦ 72,500 ሩብል ሆኖ ነበር። ከዚያ የሩብል ዋጋ አሽቆለቆለ፤ በ1998 አንድ ሺህ አሮጌ ሩብል በአንድ አዲስ ሩብል ተለወጠ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ለዚያ ታላቅ ቤት በዓመት የምትከፍለው ከ3 ዶላር የማይበልጥ ሆኖ ተገኘ። ተከራዩ ውሉ ውል ነው አለ፤ አከራዩ ቤቱ የሕዝብ ነው አለ። ክርክሩ በ2004 ለ49 ዓመት በሚጸና አዲስ ውል ተዘጋ። በቀበሌ ቤት ኪራይ ተከራክሮ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ክርክር በቀላሉ ይረዳዋል።

ቁልፉ ዛሬም የፖለቲካ መሣሪያ ነው። አሜሪካ በዲሴምበር 2016 በሜሪላንድና በኒው ዮርክ የነበሩትን የሩሲያ የመዝናኛ ግቢዎች ዘጋች። ሩሲያም በጁላይ 2017 በሴሬብሪያኒ ቦር የነበረውን የአሜሪካ የዕረፍት ቤትና በሞስኮ የነበረውን መጋዘን መጠቀም ከለከለች፤ በአሜሪካ ሚሲዮኖች ከሚሠሩት ውስጥም 755 ሰዎች እንዲቀነሱ አዘዘች፤ ከእነዚህ የሚበዙት የራሷ የሩሲያ ዜጎች ነበሩ። በ2021 ደግሞ የአገር ውስጥ ሠራተኛ መቅጠር በመከልከሉ የአሜሪካ ኤምባሲ 182 ቋሚ ሠራተኞችንና በደርዘን የሚቆጠሩ የኮንትራት ሠራተኞችን አሰናበተ። ዲፕሎማት ሲባረር ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ሌላ ምድብም ይጠብቀዋል። የኤምባሲ ሾፌር ሲባረር ግን አገሩ እዚያው ነው፤ የሚጠብቀው ምድብም የለም።

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። በአገራችን አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት በከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር እጅ ገብተው ነበር። አዲስ አበባ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫና የብዙ ኤምባሲዎች ከተማ ናት። በእነዚህ ግቢዎች ዘበኛ፣ አትክልተኛ፣ ሾፌርና ወጥ ቤት ሆነው የሚሠሩት በአብዛኛው የእኛው ዜጎች ናቸው። በአገራችን ኤምባሲው ሠራተኛውን የሚቀጥረው ራሱ ስለሆነ የሞስኮው ዓይነት መዳቢ የለም፤ በዚያው ልክ ግን ሠራተኛው ሲበደል ከኋላው የሚቆም መሥሪያ ቤትም አጠገቡ የለም።

ሕጉ ጨርሶ አልረሳውም። በ2011 ዓ.ም. በአገራችን አቆጣጠር የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፣ በደንብ ወይም በዓለም አቀፍ ስምምነት በሌላ አኳኋን ካልተወሰነ በቀር፣ ኢትዮጵያውያን ከውጭ ዲፕሎማቲክ ሚሲዮኖች ጋር ያላቸው የሥራ ግንኙነት በአዋጁ እንደሚገዛ ይናገራል። የቪየናው ስምምነት አንቀጽ 33ም የአገሬውን ሰው የሚቀጥር ዲፕሎማት የማኅበራዊ ዋስትና ግዴታውን እንዲወጣ ያዛል። ይሁንና አንቀጽ 22 የሚሲዮኑ ግቢ፣ በውስጡ ያለው የቤት ዕቃና መኪናው ከፍተሻም ከመያዝም ነፃ ናቸው ይላል። ስለዚህ ያለአግባብ የተሰናበተ ዘበኛ በፍርድ ቤት ቢረታም፣ ውሳኔውን ይዞ የሚሄደው የፍርድ አፈጻጸም ሠራተኛ ዘበኛው ለዓመታት ሲከፍትና ሲዘጋው ከኖረው በር ማለፍ አይችልም።