ስቲች፦ የጨርቅም የሥጋም

የልብስ ስፌት ሥልጠና የምትከታተሉ ሁሉ «ስቲች» የሚለውን ቃል ሳትሰሙ አትውሉም። ስፌት ማለት ነው፣ አለቀ። እኛም ከዚያ በላይ አናስብበትም ነበር፤ አንዲት እናት ያጫወቱን ነገር እስኪያስደነግጠን ድረስ።

የእኚህ እናት ልጅ ወድቆ ግንባሩ ተፈነከተ፣ ሐኪም ዘንድም ተሰፋ። ሲወጡ በእንግሊዝኛ «ለስቲቺዝ ከአምስት ቀን በኋላ ይምጡ» ተባሉ። አስተርጓሚ አልነበረም። ቃሉን የሚያውቁት ከሲንጀሩ ስለሆነ የሥልጠናው ጉዳይ መሰላቸው። በአምስተኛው ቀን ልጁን ጎረቤት ትተው፣ መቀሳቸውን ይዘው ክፍል ገቡ! ክሩ የወጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሥጋው ይዞት ስለነበር ልጁ ብዙ አለቀሰ፤ ምልክቱም አልጠፋም።

እኛ «አራት ቦታ ተሰፋ» የምንለውን እነሱ «ፎር ስቲቺዝ» ይሉታል። ቁስሉን የያዘው ክርም ስሙ ያው ነው፤ «ስቲቺዝ አውት» ካሏችሁ ክሩ ይውጣ ማለታቸው ነው።

ሌላም አለ። ኳስ ስትጫወቱ ጎናችሁን ቀስፎ የሚይዛችሁ ሕመምም ስቲች ይባላል። ስፌትና የጎን ሕመም ምን አገናኛቸው? ቃሉ በጥንቱ እንግሊዝኛ መውጋት ማለት ነበር። መርፌም ይወጋል፣ ጎንም ይወጋል። እኛስ ያንን ሕመም «ውጋት» እንል የለም እንዴ! ስለዚህ ሐኪም «ስቲች አለህ?» ቢላችሁ «ኧረ ተሰፍቼ አላውቅም» እንዳትሉ።

ሳቅ በዝቶ ጎን ሲወጋ ደግሞ «ኢን ስቲቺዝ» ነው። ሼክስፒር እ.ኤ.አ. በ1600 ገደማ በጻፈው «ትዌልፍዝ ናይት» ተውኔት እንኳ ተመሳሳይ አነጋገር አለ። «ስቲች አፕ» ግን ጠንቀቅ ያሰኛል፤ ሐኪም ካለው ቁስል መስፋት ነው፣ በእንግሊዞች የመንደር ወሬ ከሆነ ግን ሰውን በሐሰት መወንጀል።

የልብስ ስፌት አስተማሪዎች የሚወዱት ተረት «ኤ ስቲች ኢን ታይም ሴቭስ ናይን» ነው። ቀዳዳው ሳይሰፋ አንዴ ብትወጉት ዘጠኝ ጊዜ ከመውጋት ትድናላችሁ፤ የእኛው «ሳይቃጠል በቅጠል»። እ.ኤ.አ. በ1732 በታተመ የተረት መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ዘጠኝ የሆነው «ናይን» ከ«ታይም» ጋር ድምፁ ስለሚቀራረብ ይመስለናል።

እናትየው አሁን «ስቲች» በሰሙ ቁጥር «የጨርቁ ነው የሥጋው?» ሳይሉ አያልፉም። ሐኪም ፊትም ቢሆን አያፍሩም፤ በጣታቸው መጀመሪያ ቀሚሳቸውን፣ ቀጥሎ የልጁን ግንባር ያሳያሉ።