ስክሪኑ ብቻውን አያጠራም

የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ የሆነውን ድጓ ገልጦ ያየ ሰው ገጹ ላይ ሁለት ጽሕፈት እንዳለ ያውቃል። አንደኛው ንባቡ ነው። ሁለተኛው ከንባቡ በላይ፣ በመስመርና በመስመር መካከል፣ እንደ ጤፍ ደቅቆ የሰፈረው የዜማ ምልክት ነው፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ። ትውፊቱ እንደሚለው ምልክቶቹን የሠሩት በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። ይዘት ነጥብ ናት፤ ርክርክ የነጥቦች ድርድር ነው። አንዲት ነጥብ ብትጠፋ ዜማው ይዛባል። ይህን ለጋይንት ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ የድጓ ሊቃውንት የሚመሰክሩባት ደብር፣ ቤተልሔም፣ ያለችው በዚያው በጋይንት ነውና።

ዛሬ ብዙ የብራና መጻሕፍት ፎቶ ተነሥተው በኮምፒውተር ይነበባሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ቀድቷል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ረጅም ዘመን በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጠው የዚያን ስብስብ ዝርዝር ሲያዘጋጁ ኖረዋል። አሁን ያሉት ዲጂታል ካሜራዎች ደግሞ አንዱን ገጽ በ20 ሚሊዮንና ከዚያም በበለጠ ነጥብ ያነሣሉ። ችግሩ የሚመጣው ሲታይ ነው። በየከተማው በብዛት የሚሸጠው ያገለገለ ላፕቶፕ ስክሪኑ ወርዱ 1366፣ ቁመቱ 768 ነጥብ ነው፤ ሲባዛ አንድ ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። የ20 ሚሊዮን ነጥብ ገጽ እዚያ ላይ ሙሉውን ሲዘረጋ ሃያው ነጥብ ተጨፍልቆ አንድ ይሆናል፤ ይዘትም በዚያ መካከል ትጠፋለች። አጉልቶ ማየት ይቻላል፤ ነገር ግን ምልክቱ ሲታይ ገጹ ይቆረጣል፣ ገጹ ሲታይ ምልክቱ ይደበዝዛል።

መፍትሔው ብዙ ነጥብ ያለው ትልቅ ስክሪን ከኮምፒውተሩ ጋር ማገናኘት ነው። ይህ ለሊቃውንት ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በጋይንትና በአካባቢው፣ በአርብ ገበያም ሆነ በነፋስ መውጫ፣ በወገዳም ሆነ በመካነ ኢየሱስ በኮምፒውተር ጽሕፈትና በፎቶ ኮፒ የሚተዳደር፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ ፎቶ የሚያጥብ፣ ካርታና ሰነድ የሚያዘጋጅ ሁሉ ይፈልገዋል። ሆኖም ጥሩ ስክሪን ገዝቶ ያሰበውን ጥራት ያላገኘ ሰው ብዙ ነው። ምክንያቱ አንድ ነው፦ ምስሉ ከኮምፒውተሩ ተነሥቶ ዓይን እስኪደርስ በብዙ እጅ ያልፋል፤ ጥራቱንም የሚወስነው ከሁሉ ደካማው ነው። የተሳሳተ ገመድ የገዛ የአርብ ገበያ ነጋዴ ለመቀየር ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ድረስ ሊመላለስ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ማወቅ ገንዘብም ጉልበትም ያተርፋል።

ነጥብ በነጥብ

ስክሪን ላይ የምናየው ሁሉ ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። ፉል ኤችዲ የሚባለው 1920 በ1080፣ ሁለት ሚሊዮን ያህል ፒክስል አለው። ፎር ኬ የሚባለው 3840 በ2160፣ 8.3 ሚሊዮን ይሆናል፤ የፉል ኤችዲ አራት እጥፍ መሆኑ ነው። ፋይቭ ኬ 14.7 ሚሊዮን፣ ኤይት ኬ 33 ሚሊዮን ይደርሳል።

ለፊደላችን ይህ ቁጥር ምን እንደሚለውጥ በቅርብ እንይ። በ12 የፊደል መጠን (ፎንት ሳይዝ) የተጻፈ ፊደል በ24 ኢንች ፉል ኤችዲ ስክሪን ላይ በትክክለኛ መጠኑ ሲታይ ቁመቱ የሚያርፈው 15 ፒክስል በሚያህል ቦታ ነው። ነን ከኘ፣ ዘን ከዠ፣ ተን ከቸ የሚለየው ከላይ ያለው መስመር ከአንድ ፒክስል ብዙም አይበልጥም። ጣን ከጧ፣ ማን ከሟ የሚለየው ቅጥያም እንዲሁ ነው። ያው ፊደል በ27 ኢንች ፎር ኬ ስክሪን ላይ በዚያው መጠን ሲታይ 27 ፒክስል ያገኛል። በወርድም በቁመትም ስለሚጨምር ፊደሉን የሚስሉት ነጥቦች ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናሉ። ቀኑን ሙሉ ስምና የአባት ስም ሲተይብ ለሚውል ሰው ይህ የዓይን ዕረፍት ነው፤ ስሙ ለሚጻፈው ባለጉዳይ ደግሞ ከስሕተት መዳን ነው። የዜማ ምልክቶቹም እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኒኮድ ውስጥ የራሳቸውን ቦታ ስላገኙ በኮምፒውተር ሊተየቡ ይችላሉ፤ ተተይበው እንዲነበቡ ግን ስክሪኑ ሊሸከማቸው ይገባል።

መንገዱ ምን ያህል ይሸከማል?

ስክሪኑ እያንዳንዱን ፒክስል አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ 60 ጊዜ ያድሳል። የእያንዳንዱ ቀለም በ24 ቢት ይጻፋል። ፉል ኤችዲ በዚህ ስሌት በሴኮንድ 3 ቢሊዮን ቢት ያህል ይፈልጋል። ፎር ኬ 12 ቢሊዮን፣ ፋይቭ ኬ 21 ቢሊዮን፣ ኤይት ኬ ወደ 48 ቢሊዮን ይደርሳል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀጭን ገመድ ውስጥ በየሴኮንዱ ማለፍ አለበት።

የዘርፉ ታሪክም ስክሪን መንገዱን ሲቀድም የታየበት ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2001 ቲ221 የተባለውን ባለ 22 ኢንች ስክሪን አወጣ። 3840 በ2400 ፒክስል ነበረው፤ ለጊዜው እጅግ የላቀ ነበር። ዲቪአይ የሚባለው የጊዜው ገመድ ግን ብቻውን አልቻለውም፤ ምስሉን ከፋፍሎ እስከ አራት በሚደርስ ገመድ ማድረስ ግድ ሆነ። ዴል እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ባለ ፋይቭ ኬ ስክሪንም ሙሉ ጥራቱን ለማሳየት ሁለት የዲስፕሌይፖርት ገመድ ይጠይቅ ነበር፤ ያኔ አንዱ ገመድ በተግባር የሚያሳልፈው 17 ቢሊዮን ቢት ያህል ነበርና 21 ቢሊዮኑን አይችልም። ዴል እ.ኤ.አ. በ2017 ያመጣው ባለ ኤይት ኬ ስክሪንም እንዲሁ ሁለት ገመድ ፈልጓል።

ቀዳዳዎቹን እንወቃቸው

ቪጂኤ በሦስት ረድፍ 15 ቀዳዳ ያለው፣ በብሎን የሚጠብቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ የሆነው ማያያዣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የመጣ ሲሆን በብዙ ቢሮና ፕሮጀክተር ላይ ዛሬም አለ። ለፎር ኬ ግን አይሆንም።

ኤችዲኤምአይ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ የሚያሳስተውም እሱ ነው። መልኩ አንድ ዓይነት ቢሆንም ትውልዱ ይለያያል። 1.4 የሚባለው ፎር ኬን የሚያሳየው በሴኮንድ 30 ጊዜ ብቻ እያደሰ ነው፤ የማውሱ ቀስት ይጎተታል፣ ጽሑፍ ሲገለበጥ ይንቀጠቀጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው 2.0 ፎር ኬን በ60 ያደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው 2.1 በሴኮንድ እስከ 48 ቢሊዮን ቢት ይሸከማል። 2.0 ከወጣ ዓመታት በኋላ እንኳ ብዙ ላፕቶፖች 1.4ን ይዘው ተሠርተዋልና ቀዳዳውን አይቶ ብቻ መወሰን አይገባም፤ የሞዴሉን ዝርዝር መመልከት ያስፈልጋል።

ዲስፕሌይፖርት አንዱ ማዕዘኑ የተቆረጠ ማያያዣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ያለው 1.2 ፎር ኬን በ60 ይችላል። ለድርጅት ተብለው ከተሠሩት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ይህ ማያያዣ ወይም ትንሹ ዓይነቱ፣ ሚኒ ዲስፕሌይፖርት፣ አላቸው። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው 30 ላይ የቆመ ላፕቶፕ በዚህኛው ቀዳዳ 60 ሊሰጥ ይችላል። ይህን ባለማወቅ አዲስ ላፕቶፕ ለመግዛት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የያዘውን ላፕቶፕ ጎን ይመልከት።

ዩኤስቢ ሲ ደግሞ ሞላላዋ፣ በየትኛውም ፊት የምትገባው ቀዳዳ ናት። ኮምፒውተሩ ከፈቀደ በአንድ ገመድ ምስልም፣ ዳታም፣ ቻርጅም ታሳልፋለች። ነገር ግን ዩኤስቢ ሲ ሁሉ ምስል አያወጣም፤ አንዳንዱ ለዳታና ለቻርጅ ብቻ ነው። አጠገቧ የመብረቅ ምልክት ከቀስት ጋር ካለ ተንደርቦልት ነው፤ ምስል ያወጣል። ገመዱም እንዲሁ ይለያያል፤ ከስልክ ቻርጀር ጋር የመጣ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ምስል አያሳልፍም።

ገመድና መቀየሪያ

ለፎር ኬ በ60 የሚሆን የኤችዲኤምአይ ገመድ ማሸጊያው ላይ ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ ይላል፤ ለ2.1 የሚሆነው አልትራ ሃይ ስፒድ ይባላል። ገመድ በረዘመ ቁጥር ይደክማልና ከ3 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ስክሪኑ ብልጭ ድርግም የሚል ወይም ለአፍታ የሚጠቁር ከሆነ ስክሪኑን ከመጠርጠር በፊት ገመዱን መቀየር ነው።

መቀየሪያ፣ በገበያው ቋንቋ ኮንቨርተር፣ አቅጣጫ አለው። ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ ተብሎ የተሸጠ ገመድ ተገልብጦ ሲሰካ አይሠራም። ርካሹ ዓይነት ብዙ ጊዜ ከፉል ኤችዲ አያልፍም፤ ፎር ኬን በ60 የሚያሳልፈው በውስጡ የራሱ ቺፕ ያለው ነው። ስለዚህ መቀየሪያ ስንገዛ መሰካቱን ብቻ ሳይሆን ስንት ፒክስል በስንት ሄርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ ስንት ጊዜ እያደሰ፣ እንደሚያሳልፍ እንጠይቅ።

ኮምፒውተሩ ራሱ

በዴስክቶፕ ላይ የሚበዛው ስሕተት ቀላል ነው። ግራፊክስ ካርድ የተጨመረበት ኮምፒውተር ከኋላው ሁለት ቦታ የስክሪን ቀዳዳ ይኖረዋል፦ አንዱ ከማዘርቦርዱ፣ ሌላው ከታች ከካርዱ። ስክሪኑ መሰካት ያለበት ካርዱ ላይ ነው። በላፕቶፕ ደግሞ ስንት ስክሪን አንድ ላይ እንደሚችል አስቀድሞ ማጣራት ይገባል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ባለ ኤም1 ማክቡክ ኤር በቀጥታ የሚያወጣው ለአንድ ተጨማሪ ስክሪን ብቻ ነው።

ከተሰካ በኋላም ሥራው አላለቀም። በዊንዶውስ የዲስፕሌይ ማስተካከያውን ከፍቶ የፒክስሉ ልክ 3840 በ2160 መሆኑን፣ የማደሻው ልክ 60 ሄርዝ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ጽሑፉ በጣም ካነሰ የፒክስሉን ልክ ዝቅ ማድረግ አይገባም፤ ያ የተገዛውን ጥራት መልሶ መጣል ነው። ማስተካከል ያለብን ስኬል የሚለውን ነው። በ27 ኢንች ፎር ኬ ላይ 150 በመቶ ለብዙ ሰው ይስማማል፤ ፊደሉ ይተልቃል፣ ጥራቱ ግን አይቀንስም።

ከሞኒተር ይልቅ ፎር ኬ ቴሌቪዥን የሚጠቀም ሰውም ብዙ ነው። ይቻላል፤ ሆኖም በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ የኤችዲኤምአዩን ሙሉ አቅም ከሜኑ ገብቶ ማብራት ያስፈልጋል። ያ ካልተደረገ ወይም መንገዱ ከጠበበ፣ አንዳንድ ኮምፒውተር ፎር ኬን በ60 ለማሳየት ሲል የቀለሙን መረጃ ይቀንሳል። ለፊልም ብዙም አይታወቅም። ለብራና ግን ትልቅ ጉዳት ነው። በመጻሕፍታችን የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ ቀለሙ ሲቀነስ ጠርዙ የሚደፈርሰው በቀይ የተጻፈው ፊደል ነው። ጥቁሩ ጽሑፍ ጠርቶ ቀዩ ከተንጨባረረ፣ ችግሩ ከብራናው ወይም ከካሜራው ሳይሆን ከግንኙነቱ ሊሆን ይችላል።

መብራት በሚዋዥቅበት አካባቢ ደግሞ ስክሪኑም ኮምፒውተሩም ከአንድ ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ላይ ቢሆኑ ይበጃል። ላፕቶፑ በባትሪው ይቆማል፤ ስክሪኑ ግን ባትሪ የለውም።

ከመግዛት በፊት

ስክሪን ለመግዛት ያሰበ ሰው ከስክሪኑ ዋጋ በፊት የኮምፒውተሩን ሞዴል ጽፎ ይያዝ፤ ከተቻለም ኮምፒውተሩን ይዞ ሱቅ ድረስ ይሂድ። ገመዱ ተሰክቶ፣ 3840 በ2160 በ60 ሄርዝ ሲል በዓይኑ አይቶ ይክፈል። የላፕቶፑ አቅም ፉል ኤችዲ ላይ የሚቆም ከሆነ፣ ለፎር ኬ የሚወጣው ገንዘብ ለጥሩ ፉል ኤችዲና ለተጨማሪ ሚሞሪ ቢውል ይሻላል። ጽሑፍና ብራና ለሚያነብ ሰው ግን፣ ኮምፒውተሩ ከቻለ፣ ፎር ኬ ቅንጦት አይደለም፤ የሥራ ዕቃ ነው።

ከውጭ አገር ለወገናችሁ፣ ለትምህርት ቤታችሁ ወይም ለደብራችሁ ስክሪን የምትልኩም፣ መጀመሪያ አገር ቤት ያለው ኮምፒውተር ምን ቀዳዳ እንዳለው ጠይቁ። ከዚያም ትክክለኛውን ገመድና መቀየሪያ ከስክሪኑ ጋር በአንድ ካርቶን አሽጋችሁ ላኩ።