የቤት ውስጥ ተክል አያያዝ ለጀማሪዎች፦ የጠወለገ ሁሉ የተጠማ አይደለም

መግቢያ

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብዛት በመሠራታቸው፣ ግቢና ጓሮ የነበራቸው ብዙ ቤተሰቦች ወደ ፎቅ ገብተዋል። ጤና አዳሙ፣ በሶብላውና ጽጌረዳውም ከጓሮ ወደ ጣሳ ተዛውሮ በረንዳና መስኮት ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ በከተማ የሚሠሩ የልማት ሠራተኞችና ችግኝ አፍልተው የሚሸጡ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ስለ ቤት ውስጥ ተክል አያያዝ በየጊዜው ይጠየቃሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጀማሪን ምን ብለን መምከር እንደሚገባን ማስረዳት ነው።

የተሳሳተው ምክራችን

ከግቢ ቤት ወጥተው አራተኛ ፎቅ የገቡ አንዲት እናት ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል በጣሳ እንዲተክሉ መከርናቸው። «ውኃ በየቀኑ ያጠጡ» አልናቸው። እንደተባሉት አደረጉ። በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሉ ጠወለገ፤ የተጠማ መስሏቸው ውኃ ጨመሩ። በአምስተኛው ሳምንት ሁለቱም ሞቱ። ልንጠይቃቸው ስንሄድ «ጓሮ ሳለኝ ተክዬው ያልጸደቀ አልነበረም፤ ልጆቼ፣ እጄም ከእኔ ጋር አረጀ» አሉን።

ተክሉን ከጣሳው አውጥተን ተመለከትን። ጣሳው ከሥሩ ቀዳዳ አልነበረውም። የተክሉ ሥር ጠቁሮ ላሽቋል፤ ይሸታልም። ጥፋቱ የምክራችን እንጂ የእጃቸው አልነበረም።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

ሥር ውኃ ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ሁልጊዜ በውኃ ከተሞላ አየር አይገባም፤ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውኃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ውኃ እንዳጣ ተክል ይጠወልጋል። ጀማሪው ይህን አይቶ ውኃ ሲጨምር የቀረውም ሥር ይበሰብሳል። በጓሮ ትርፉ ውኃ ወደ ታች ይሰርጋል፤ ቀዳዳ በሌለው ጣሳ ግን መሄጃ የለውም። ስለዚህ ጓሮ አሳምረው የሚያውቁ ሰዎች ለጣሳ ተክል ጀማሪ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሊደረግ የሚገባው

1. ቀዳዳ። ጣሳው ከሥሩ ሦስት ወይም አራት ቦታ በምስማር ይበሳ። ቀዳዳ በሌለው ዕቃ ውስጥ ከሥር ጠጠር መደርደር ጥቅም የለውም፤ ውኃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ይቆያል።

2. አፈር። ዋልካ አፈር ብቻውን ሲረጥብ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽና አንድ እጅ አሸዋ ቢቀላቀል ለአብዛኛዎቹ ተክሎች ይስማማል።

3. ውኃ። ቀን ቆጥሮ ማጠጣት አይገባም። ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ አስገብቶ መዳሰስ ይሻላል። እርጥበት ከተሰማ ይቆይ፤ ከደረቀ ውኃው በቀዳዳው እስኪወጣ ድረስ ይጠጣ። ከሥር በተቀመጠው ሳህን ላይ የተጠራቀመው ውኃ ይደፋ። በክረምት አፈሩ ቶሎ ስለማይደርቅ ማጠጫው ይራራቃል፤ በበጋ ፀሐይ በሚያገኘው በረንዳ ላይ ደግሞ ይቀራረባል።

4. ብርሃን። የጥብስ ቅጠል፣ ጤና አዳምና በሶብላ ፀሐይ ይፈልጋሉ። መስኮቱ ፀሐይ የማያገኝ ከሆነ ጥላ የሚችል የቅጠል ተክል ይመረጥ።

5. ጥንቃቄ። የጤና አዳም ፈሳሽ ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ሊያቃጥልና ውኃ ሊያስቋጥር ይችላል፤ ሲቆርጡ ቆይተው እጅን በሳሙና መታጠብ ይገባል። ዲፌንባኪያ የተባለው ዝንጉርጉር ሰፊ ቅጠል ያለው የጌጥ ተክል ሲታኘክ አፍና ምላስ ያሳብጣል። ሕፃናት ከማይደርሱበት ይቀመጥ።

ስለሚገኘው መጽናናት

ተክል ሻጮች «የቤቱን አየር ያጸዳል» ሲሉ ይሰማል። ይህ አባባል የተስፋፋው በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት፣ በናሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ከወጣው ጥናት በኋላ ነው። ጥናቱ ግን የተደረገው በትንንሽ ዝግ ሣጥኖች ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ግምገማ እንዳሳየው፣ አየር በሚገባበትና በሚወጣበት ቤት ተመሳሳይ ውጤት ለማግኘት በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ከ10 እስከ 1,000 ተክሎች ያስፈልጋሉ። ይህን ተስፋ ለገዢ መስጠት ተገቢ አይደለም።

አረንጓዴ ነገር መንፈስን እንደሚያሳርፍ ግን ማስረጃ አለ። ሮጀር ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ጥናት በአሜሪካ አንድ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕሙማን መዝገብ አመሳክሯል። በመስኮታቸው ዛፍ ይታያቸው የነበሩት 23ቱ የጡብ ግድግዳ ከሚታያቸው ይልቅ ቀደም ብለው ወጥተዋል፤ የወሰዱት ብርቱ የሕመም ማስታገሻም አነስተኛ ነበር። ጥናቱ ስለ ጣሳ ተክል አይደለም፤ ቢሆንም ዓይን የሚያርፍበት ነገር ከንቱ አለመሆኑን ያመለክታል።

እኒያ እናት እንደገና ጀመሩ። ከጎረቤት የጥብስ ቅጠል 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸውን አምስት ቁርጥራጮች አምጥተን፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፈን፣ በተበሱ ጣሳዎች ተከልንላቸው። ሁለቱ ደረቁ፤ ሦስቱ ጸደቁ። በሌላ ጊዜ ስንመለስ ምን እንዳገኙበት ጠየቅናቸው። «ከዚህ ከገባሁ ጠዋት የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም፤ አሁን ጣቴን ሰድጄ እንዴት አደራችሁ እላለሁ» አሉ። ከተክል የሚገኘው መጽናናት ይህን ይመስላል፤ በየዕለቱ ከማየትና ከመዳሰስ ይመጣል።

ማጠቃለያ

የልማት ሠራተኛ ለጀማሪ ብዙ ዓይነት ተክል ከማስታቀፍ ይልቅ በአንድ ወይም በሁለት ማስጀመር ይኖርበታል። ከተተከሉት አንዳንዶቹ እንደሚሞቱ አስቀድሞ ይንገር፤ አለዚያ ሰውየው «የኔ እጅ አያጸድቅም» ብሎ ይተዋል። ማኅበራትም ቀዳዳ በሌለው ዕቃ ችግኝ አይሽጡ፤ ሲሸጡም ገዢው በጣቱ እንዲዳስስ እዚያው ያሳዩት። ጠውልጓል የሚል ሰው ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «አፈሩን ዳስሰዋል?» የሚል ይሁን።